ሴቩን ከካርዱ ማውጣት

የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ከታተመ በኋላ ምንም ነገር አይጻፍበትም። ኮንሶሉ ያነበዋል እንጂ አይለውጠውም። ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6ን ከፍቶ ማስተር ሊግ የጀመረ ሰው ካስቶሎን፣ ሚናንዳንና በረኛውን ኢቫሮቭን የመሳሰሉ፣ የትም ክለብ ተጫውተው የማያውቁ የፈጠራ ተጫዋቾችን ተረክቦ ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ይነሳል። ከወራት በኋላ ያ ቡድን ሌላ ቡድን ሆኗል፤ ተጫዋች ተሸጧል፣ ተገዝቷል፣ ወጣቱ ጎልምሷል፣ አንጋፋው ጫማውን ሰቅሏል፣ ዋንጫ ተነስቷል። ከዚህ ሁሉ ዲስኩ ላይ የሰፈረ አንዲት ነጥብ የለም። ሁሉም ያለው ከጆይስቲኩ መሰኪያ በላይ በምትገባው፣ በሁለት ጣት በምትያዘው ሜሞሪ ካርድ ውስጥ ነው።

ዲስኩ ቢጫር ወይም ቢሰበር ሌላ ቅጂ ይገኛል፤ ያው ጨዋታ ነው። ኮንሶሉም ቢቃጠል ሶኒ ከ155 ሚሊዮን በላይ ስለሸጠ ያገለገለ ፈልጎ መተካት ይቻላል። ካርዱ ውስጥ የተቀመጠው የጨዋታው መዝገብ፣ ሴቩ ግን አንድ ነው። አንድ ሰው በራሱ እጅ የሠራው ነው፤ ከጠፋ ከየትም አይገዛም። በአንድ የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ የተጫዋቹ የራሱ ነው ሊባል የሚችለው ይህ ብቻ ይመስለኛል። ስለዚህ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ከካርዱ መውጣት ለምን እንዳስቸገረ፣ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚሻገርና እንዴት እንደሚመለስ ማወቅ ለአሮጌ ኮንሶል ባለቤት ቀላል ነገር አይደለም። ምሳሌ አድርጌ የያዝኩት ፕሌይስቴሽን 2ን ነው። በዓለም ላይ እጅግ የተሸጠው ኮንሶል እሱ ነው፤ በእኛም አገር ብዙ ወጣት ጆይስቲክ መያዝ የለመደው በየሰፈሩ በተከፈቱት ፕሌይስቴሽን ቤቶች፣ በዚሁ መሣሪያ ላይ ነው።

ካርዱ እንዴት ይጽፋል

(ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከሜሞሪ ካርድ በፊት ብዙው ጨዋታ የሚመጣው በካርትሪጅ ነበር፤ አንዳንዱ ካርትሪጅ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ክብ ባትሪ ይይዛል። በ1987 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ እንዲህ ያለ ነበር፤ ለጌም ቦይ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ፖኬሞኖችም እንዲሁ። እዚያ ሴቩ የሚኖረው ባትሪው በሕይወት እስካለ ብቻ ነው። ጨዋታ በሲዲ መምጣት ሲጀምር ዲስኩ ስለማይጻፍበት ሴቩ ከጨዋታው ተለይቶ የራሱ ማደሪያ አስፈለገው። የፕሌይስቴሽን ሜሞሪ ካርድ ባትሪ የለውም፤ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የተጻፈበትን ይዞ የሚቆይ ፍላሽ ቺፕ ነው።

በዲሴምበር 1994 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ካርድ 128 ኪሎባይት ብቻ ይይዝ ነበር። ይህ በ16 ክፍል፣ እያንዳንዱ 8 ኪሎባይት ሆኖ ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍል ማውጫ ነው፤ ለተጫዋቹ የሚቀሩት 15 ናቸው። ማውጫው ውስጥ ለእያንዳንዱ ሴቭ የተመደበ መስመር አለ፤ የመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለችው አንዲት ባይት ደግሞ ሴቩ አለ ወይስ ተሰርዟል የሚለውን ትናገራለች። የፕሮግራም ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት በ16 በሚቆጠረው አጻጻፍ፣ ሴቩ ካለ የምትነበበው 51 ተብላ ነው፤ ተጫዋቹ ሲሰርዘው ወደ ኤ1 ትቀየራለች። ሴቩ ራሱ ግን ካለበት አልተነካም። ሌላ ሴቭ መጥቶ እስካልተጻፈበት ድረስ ካርዱን ወደ ኮምፒውተር አምጥቶ ያቺን ምልክት በመመለስ የተሰረዘ ሴቭ ማስነሳት ይቻላል። ታናሽ ወንድም ባለማወቅ የሰረዘው ሴቭ ያለበት ካርድ እጁ ላይ የቀረ ሰው ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል፤ ካርዱ ላይ ሌላ ነገር ሴቭ ማድረጉን ያቁም።

በ2000 የመጣው ፕሌይስቴሽን 2 ካርዱን ወደ 8 ሜጋባይት አሳደገው፤ ከቀዳሚው 64 እጥፍ መሆኑ ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳቸው ሁለት ሦስት ፎቶዎች ሊሞሉት ይችላሉ፤ ያኔ ግን ለአንድ ቤተሰብ የዓመታት ጨዋታ ይበቃ ነበር። አደረጃጀቱም ከኮምፒውተር ጋር ተቀራረበ። እያንዳንዱ ሴቭ አንድ ፎልደር ነው፤ ፎልደሩ ውስጥ የጨዋታው መረጃ፣ ስሙን የሚይዝ ፋይልና ኮንሶሉ ስክሪን ላይ ሲሽከረከር የምናየው ምስል አለ። የፎልደሩ ስም የሚጀምረው በሁለት የአካባቢ ፊደላት ነው፦ ቢ ኤ ለአሜሪካ፣ ቢ ኢ ለአውሮፓ፣ ቢ አይ ለጃፓን። ከዚያ የዲስኩ መለያ ቁጥር ይከተላል። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ሴቭ ከሌላ ሰው ተቀብለው ኮንሶሉ «ምንም ሴቭ የለም» ያላቸው ብዙዎች ችግራቸው ይኸው ነው። የአውሮፓ ዲስክ የሚፈልገው የአውሮፓን ፎልደር ነው፤ የአሜሪካው ካርዱ ላይ ቁልጭ ብሎ ቢታይም ጨዋታው አያውቀውም።

ወደ ቺፑ ጠጋ ብለን እንይ። ካርዱ የሚጽፈው 512 ባይት በሆነ ገጽ ነው። ከእያንዳንዱ ገጽ ጎን ተጨማሪ 16 ባይት አለ፤ እዚያ የሚሰፍረው የስህተት ማረሚያ ቁጥር ነው። በየ128 ባይቱ ውስጥ አንዲት ቢት ብትገለበጥ ኮንሶሉ በዚያ ቁጥር የትኛዋ እንደሆነች ለይቶ ያርማታል፤ ተጫዋቹ አይታወቀውም። ፍላሽ ቺፕ ግን አንድ ጠባይ አለው። መጻፍ በገጽ ቢሆንም መሰረዝ የሚቻለው 16 ገጽ፣ ማለትም 8 ኪሎባይት በአንድ ላይ ነው። ስለዚህ አንዲት ቁጥር ለመለወጥ እንኳ ያ ሁሉ ተነስቶ፣ ቦታው ተሰርዞ፣ እንደገና መጻፍ አለበት። ይህ በሚሆንበት ቅጽበት ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ እንዳይጠፋ ካርዱ የሚሰረዘውን ክፍል ቅጂ ለጊዜው የሚያሳርፍበት የተለየ ቦታ አለው። አዋቂዎች ያሰቡበት ሥራ ነው።

ያም ሆኖ ጥበቃው የሚያገለግለው ለአንድ ክፍል ነው። አንድ ሴቭ ብዙ ክፍል ሲይዝ፣ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ መብራት ሊሄድ ይችላል። መብራት መቆራረጡን የለመደ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፦ ሴቭ እየተደረገ ባለበት ስክሪኑ ጭልም ይላል፤ መብራት ሲመለስ ጨዋታው የሴቩን ቁጥሮች ደምሮ ድምሩ አልገጥም ስለሚለው ሴቩ ተበላሽቷል ይላል። «ካርዱን አትንቀሉ፣ ኮንሶሉን አታጥፉ» የሚለው ማሳሰቢያ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሌላው የመበላሸት ምንጭ ካርዱ ራሱ ነው። ላያቸው ላይ 64 ወይም 128 ሜጋባይት ተብሎ የተጻፈባቸው፣ ሶኒ ያልሠራቸው ርካሽ ካርዶች በየገበያው ሞልተዋል፤ ብዙዎቹ እየሞሉ ሲሄዱ ሴቭ ያበላሻሉ። ሴቩ የሚወደድ ከሆነ ትንሹ ኦሪጅናል ካርድ ይሻላል።

በሩ ለምን ተዘጋ

ፕሌይስቴሽን 2 ፊት ለፊቱ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች አሉት። አይቶይ የተባለችው ካሜራና የሲንግስታር ማይክራፎኖች የሚሰኩት እዚያ ነው። ፍላሽ ሰክቶ ሴቩን ኮፒ ማድረግ የሚያስቸግር ነገር ያለ አይመስልም። ግን ያለ ዲስክ ሲበራ የሚከፈተው የኮንሶሉ ማውጫ የሚያውቀው ሁለቱን ሜሞሪ ካርዶች ብቻ ነው። ከአንደኛው ካርድ ወደ ሁለተኛው ኮፒ ያደርጋል፤ ፍላሹን ግን ጭራሽ አያየውም።

ካርዱን ከኮንሶሉ ነቅሎ በሌላ መንገድ ማንበብም ቀላል አልነበረም። ሶኒ ማጂክጌት ብሎ በሰየመው ስልት ኮንሶሉና ካርዱ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በምስጢር ቁጥሮች ይተያያሉ፤ ቁጥሩን የማያውቅ መሣሪያ ከካርዱ ጋር አይግባባም። ሴቩ ራሱ ግን ብዙውን ጊዜ አልተመሰጠረም፤ ቤቱ ክፍት ሆኖ የተቆለፈው የግቢው በር ነው። እንደምንም ከበሩ ይውጣ እንጂ፣ አንዴ ከወጣ በኋላ በኮምፒውተር ሊከፈት፣ ሊታይ፣ ሊስተካከልም ይችላል። ከዚህ በታች የምጽፋቸው መንገዶች ሁሉ የቆሙት በዚህ ላይ ነው።

የቀድሞው ፕሌይስቴሽን ሴቮች በዚህ ረገድ ልዩ ናቸው። የ128 ኪሎባይቷን ካርድ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ሰክቶ ሴቩን ወደ 8 ሜጋባይቱ ካርድ ማዛወር ይቻላል። ለማስቀመጥ ነው እንጂ ለመጫወት አይሆንም፤ የድሮው ጨዋታ ሴቩን የሚፈልገው በድሮው ካርድ ላይ ብቻ ስለሆነ ለመጫወት ሲፈለግ መመለስ አለበት።

ከካርድ ወደ ፍላሽ

ሶኒ ራሱ ያወጣው መንገድ አንድ ነው፤ እሱም በፕሌይስቴሽን 3 በኩል ያልፋል። በ2006 ከኮንሶሉ ጋር አንድ ትንሽ ማገናኛ ለገበያ ቀረበ። በአንድ ወገን ሜሞሪ ካርዱ ይገባል፣ በሌላው ወገን በዩኤስቢ ገመድ ከፕሌይስቴሽን 3 ጋር ይያያዛል። ፕሌይስቴሽን 3 ሀርድ ዲስኩ ላይ ካርድ መሰል ቦታ ይፈጥራል፤ ሴቩ ከእውነተኛው ካርድ ወደዚያ ይቀዳል፤ ከዚያ ፍላሽ ሲሰካ ፒኤስቪ የሚል መጨረሻ ያለው ፋይል ሆኖ ይወጣል። ንጹሕ መንገድ ነው። ችግሩ ማገናኛው ዛሬ በቀላሉ አለመገኘቱና ሁለተኛ ኮንሶል መጠየቁ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሶኒ ያልሠራው፣ ግን ለብዙ ዓመታት በሱቅ ይሸጥ የነበረው የማክስ ድራይቭ ዓይነት ዲስክ ነው። ዲስኩ ኮንሶሉ ላይ ይነሳል፣ አብሮት የመጣውን ፍላሽ ያውቃል፣ ሴቩን ከካርድ ወደ ፍላሽ ይወስዳል፣ ከፍላሽ ወደ ካርድ ይመልሳል። እያንዳንዱ አምራች ግን የራሱን የፋይል ዓይነት አወጣ፦ ማክስ፣ ሲቢኤስ፣ ኤክስፒኤስ። ይዘታቸው አንድ ዓይነት ሴቭ ሆኖ ልባሳቸው ብቻ ይለያያል። አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይሩ ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ስላሉ ከኢንተርኔት የወረደ ሴቭ በማይታወቅ ዓይነት ቢመጣ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም።

ዛሬ እኔ የምመክረው ሦስተኛውን ነው። ዩላውንችኤልፍ የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሥራው ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ፋይሎችን ከፍቶ ማሳየትና ማዛወር ነው። ካርዱንም ፍላሹንም እኩል ያያል። ጥያቄው እንዴት ወደ ኮንሶሉ ይግባ የሚለው ነው፤ ኮንሶሉ የማያውቀውን ፕሮግራም በራሱ አያስነሳምና። በ2008 የወጣው ፍሪ ማክቡት ይህን በሜሞሪ ካርድ በኩል ፈታው፦ በተለየ መንገድ የተዘጋጀ ካርድ ተሰክቶ ኮንሶሉ ሲበራ ፕሮግራሙ ከካርዱ ይነሳል። ነገር ግን ያንን የመጀመሪያ ካርድ ለማዘጋጀት እንዲህ ያለ ፕሮግራም ቀድሞ ማስነሳት የሚችል ሌላ ኮንሶል ያስፈልጋል፤ የመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ሞዴሎችም ፍሪ ማክቡትን አይቀበሉም። በ2020 ይህም ተቃለለ። አንድ የደኅንነት ተመራማሪ ኮንሶሉ የፊልም ዲቪዲ በሚያጫውትበት ፕሮግራም ውስጥ ክፍተት አገኘና ፍሪዲቪዲቡት ብሎ በነፃ ለቀቀው። ተራ ባዶ ዲቪዲ ላይ ተጽፎ ወደ ኮንሶሉ ሲገባ ኮንሶሉ ፊልም የሚያጫውት መስሎት ይከፍተዋል፤ የሚነሳው ግን ዩላውንችኤልፍ ነው። ኮንሶሉ አይፈታም፣ ቺፕ አይበየድም። ሥራው እንደ ዲቪዲ ማጫወቻው እትም ስለሚለያይ ዲስኩን ከመጻፍ በፊት ኮንሶሉ ማውጫ ውስጥ ገብቶ የእትሙን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እንዲህ ነው። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ መሆን አለበት። ትልልቆቹ አዳዲስ ፍላሾች ከፋብሪካ የሚመጡት በኤክስፋት ስለሆነ ፕሌይስቴሽን 2 ላያያቸው ይችላል፤ ከመሳቢያ የሚወጣ አሮጌ ትንሽ ፍላሽ እዚህ ከአዲሱ ይበልጣል። ፕሮግራሙ ሲከፈት የቦታዎች ዝርዝር ይወጣል፦ ኤምሲ 0 በአንደኛው ቀዳዳ ያለው ካርድ ነው፣ ኤምሲ 1 በሁለተኛው ያለው፣ ማስ የሚለው ደግሞ ፍላሹ። ወደ ካርዱ ይገባሉ፤ ሴቮቹ ከነአካባቢ ፊደላቸውና ከነቁጥራቸው ተደርድረው ይታያሉ። የሚፈለገው ፎልደር ላይ ሆነው አር 1ን ሲጫኑ ትንሽ ዝርዝር ይከፈታል፤ ኮፒ የሚለውን ይመርጣሉ። ተመልሰው ወደ ማስ ይገባሉ፣ አር 1ን እንደገና ይጫናሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ፔስት የሚል አለ፤ ከታች ደግሞ ፒኤስዩ ፔስት የሚል አለ። ተራው ፔስት ፎልደሩን እንዳለ ፍላሹ ላይ ያሰፍረዋል፤ የሠራም ይመስላል። ግን ካርዱ ለእያንዳንዱ ፋይል የያዘው የራሱ ምልክትና የተጻፈበት ሰዓት አለ፤ ፋት32 ይህን እንዳለ መያዝ አይችልም። ሴቩ ሲመለስ ምልክቱ ከጎደለ አንዳንዱ ጨዋታ አልቀበልም ይላል። ፒኤስዩ ፔስት ግን ፎልደሩን ከነምልክቱ ጠቅልሎ አንድ ፋይል ያደርገዋል። ሁልጊዜ ይህኛውን ይምረጡ። የኮንሶሉ ዩኤስቢ የድሮው፣ በሴኮንድ ከ12 ሜጋቢት የማያልፈው ስለሆነ ፈጣን አይደለም፤ ሴቩ ትንሽ በመሆኑ ግን ብዙ አያስጠብቅም። መመለሱ የዚሁ ግልባጭ ነው፦ ከማስ ላይ ፒኤስዩ ፋይሉን ኮፒ፣ ካርዱ ውስጥ ገብቶ ፒኤስዩ ፔስት።

አንድ በአንድ ከማውጣት ይልቅ ካርዱን በሙሉ እንዳለ ወደ አንድ ፋይል መገልበጥም ይቻላል። የሙሉ ካርድ ቅጂ ከነስህተት ማረሚያው ልክ 8,650,752 ባይት ነው። ስምንቱ ሜጋባይት 8,388,608 ሲሆን ቀሪው 262,144 ከየገጹ ጎን ያየነው 16 ባይት ድምር ነው። ፋይሉ ከዚህ ካነሰ ቅጂው ተቋርጧል ወይም ማረሚያው ቀርቷል ማለት ነው። ፒሲኤስኤክስ2 የተባለው፣ የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታ በኮምፒውተር የሚያስኬደው ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ሙሉ ቅጂ እንደ እውነተኛ ካርድ ይቀበለዋል፤ የልጅነት ማስተር ሊግ ላፕቶፕ ላይ ካቆመበት ይቀጥላል።

በፍላሽ የተጓዙ ማልያዎች

ሴቭ ከካርድ መውጣት ብቻ ሳይሆን ወደ ካርድ መግባቱም የራሱ ታሪክ አለው። የፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር አምራች ኮናሚ የብዙ ክለቦችን ስምና ማልያ የመጠቀም ፈቃድ አልነበረውም። በ2006 በወጣው በ6ኛው እትም አርሰናልና ማንቼስተር ዩናይትድ በስማቸው ነበሩ፤ ቼልሲ ግን ለንደን ኤፍሲ፣ ሊቨርፑል መርሲሳይድ ሬድ ተብሎ ነበር። ፕሪሚየር ሊግን በየሳምንቱ በሚከታተል አገር ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። የሊቨርፑል ደጋፊ ቡድኑን በተጫዋቾቹ ስም ለይቶ፣ በማያውቀው ማልያ ይጫወታል።

ጨዋታው ግን ስምን፣ ማልያን፣ የተጫዋች ፊትንና ዝውውርን የሚያስተካክሉበት ክፍል ነበረው፤ የተስተካከለው ሁሉ የሚቀመጠው ደግሞ በአንድ ሴቭ ውስጥ ነው፤ ኦፕሽን ፋይል በሚባለው። አንድ ሰው ለሳምንታት ቁጭ ብሎ የእንግሊዝን ክለቦች በሙሉ ካስተካከለ ያን ሴቭ ወደ ፍላሽ አውጥቶ ለዓለም መስጠት ይችላል። ሰዎች ያደረጉትም ይህንን ነው። በየዝውውር መስኮቱ አዲስ ኦፕሽን ፋይል ይወጣል፤ ተጫዋቾች ወደ ፍላሽ ያወርዱታል፣ ከፍላሽ ወደ ካርድ ያስገቡታል፣ ዲስኩ ያው የድሮው ሆኖ ቡድኖቹ የዘንድሮ ይሆናሉ። ኮናሚ ለፕሌይስቴሽን 2 መሥራቱን እስከ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 2014 ድረስ ቀጠለ፤ ያ እትም በ2013 መጨረሻ ወጣና የመጨረሻው ሆነ። ከዚያ ወዲህ በፕሌይስቴሽን 2 ላይ አዲስ ዝውውር የሚያይ ሰው የሚያየው ሌሎች ተጫዋቾች በነፃ የደከሙበትን ሥራ ነው። ይህን ሥራ ከማንኛውም የፋብሪካ ምርት ባላነሰ አከብረዋለሁ፤ ለአንድ አሮጌ መሣሪያ ዕድሜ የጨመረለት ከካርድ ወደ ካርድ የተሻገረ አንድ ፋይል ነው።

በፕሌይስቴሽን ቤት ኦፕሽን ፋይል የቤቱ ነው። የሚጫወተው ልጅ በጨዋታ ወይም በሰዓት ስለሚከፍል ማስተር ሊግ ጀምሮ ለወራት የማቆየት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጨዋታ ተጫውቶ ለሚቀጥለው ይለቃል። ካርዱ ላይ ያለው የተስተካከለ ቡድን ግን ሁሉንም ያገለግላል። ካርዱ ከተበላሸ የሰፈሩ ሊቨርፑል በአንድ ቀን ወደ መርሲሳይድ ሬድ ይመለሳል። ቤቱን ለሚያስተዳድር ሰው ያንን ፋይል ፍላሽ ላይ መያዝ ትርፍ ጆይስቲክ ከመያዝ አያንስም።

ቁልፉ ቦታ ሲቀይር

በኋላ የመጡት ኮንሶሎች ፍላሽን ማየት ለመዱ፤ መከልከሉ ግን አልቀረም። ፕሌይስቴሽን 3 ሴቩን በራሱ ማውጫ በኩል ፍላሽ ላይ ይገለብጣል፤ አንዳንድ ጨዋታዎች ግን ሴቫቸው ኮፒ እንዳይደረግ ምልክት አድርገውበታል። ዊ ሴቭን ወደ ኤስዲ ካርድ ይወስዳል፤ የማሪዮ ካርት ዊና የሱፐር ስማሽ ብሮስ ብሮል ሴቮች ግን አይነቃነቁም። ኤክስቦክስ 360 ተራ ፍላሽ መቀበል የጀመረው በአፕሪል 2010 በወጣ ማሻሻያ ነው፤ ሴቩ ግን ከባለቤቱ ፕሮፋይል ጋር ይታሰራል። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ደግሞ የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎች ሴቭ ወደ ፍላሽ ይወጣል፤ የራሱ የፕሌይስቴሽን 5 ጨዋታዎች ሴቭ አይወጣም፤ ቅጂ የሚቀመጠው ኢንተርኔት ላይ፣ በክፍያ አገልግሎት ነው። በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን የተቆለፈው በሩ ነበር፤ አሁን በሩ ተከፍቶ የሚቆለፈው ሴቩ ራሱ ነው። ማጭበርበርን ለመከላከል ነው የሚለው ምክንያት ከሰው ጋር በኢንተርኔት ለሚደረግ ጨዋታ ይገባኛል። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ግን የራሱን ሥራ ቅጂ መያዝ መከልከሉ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

ወደ አሮጌው ካርድ ልመለስ፤ ጊዜው እያለቀ ያለው የእሱ ነውና። ፍላሽ ቺፕ የያዘውን ለዘላለም አይዝም። መረጃው የሚቀመጠው በኤሌክትሪክ ሙላት ነው፤ ሙላቱ ደግሞ በዓመታት ብዛት ቀስ እያለ ያመልጣል። አንዲት ቢት ስትገለበጥ ማረሚያው ያድናታል፤ በአንድ ቦታ ሁለት ሲሆኑ አያድናቸውም። የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ስለዚህ ሴቭ ለማውጣት ያሰበ ሰው ኮንሶሉ ገና በሚበራበት በዚህ ጊዜ ያድርገው። የወጣውን ፋይል ፍላሹ ላይ ብቻ አይተው፤ ፍላሹም ያው ቺፕ ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ቅጂ ያኑር፤ የጨዋታውን ስም፣ አካባቢውንና የማን ሴቭ እንደሆነም በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ። ቅጂው መሥራቱን ማረጋገጥ የሚቻለው በመክፈት ብቻ ነው። በሁለተኛ ካርድ ላይ መልሶ፣ ጨዋታውን አስነስቶ፣ ቡድኑን በዓይኑ ሳያይ የመጀመሪያውን ካርድ አያጽዳ።

ብዙ ጊዜ ሳይነካ የቆየ ካርድ ሲሰካ ኮንሶሉ «ይህ ካርድ ፎርማት አልተደረገም፤ ይደረግ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመረጃው አይደለም፤ የመዳብ እግሮቹ አቧራ ወይም ዝገት ይዘው መናበብ አቅቷቸው ነው። መልሱ ሁልጊዜ «አይደረግ» ነው። ካርዱን ይንቀሉ፣ እግሮቹን በአልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉ፣ እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ በሁለተኛው ቀዳዳ ይሞክሩት፣ ካልሆነ በሌላ ኮንሶል ይሞክሩት። ፎርማት የሚለውን እሺ ካላሉት በስተቀር ሴቩ አሁንም እዚያው ሊኖር ይችላል።